ቃሉ አልላላም፤ ተናጋሪው ገባበት

«ዝም ብሎ ይለፈልፋል።» አማርኛ የሚናገር ሁሉ ይህን ብሎ ያውቃል፤ የሰማውም ግር ብሎት አያውቅም። እያንዳንዱን ቃል ከሥሩ ለሚመዝን ግን ነገሩ የማይሆን ነው። ዝም ያለ ሰው እንዴት ይለፈልፋል? የሚለፈልፍስ መቼ ዝም አለ? እዚህ ላይ «ዝም ብሎ» ስለ ሰውየው አፍ ምንም አይነግረንም። የሚነግረን የተናጋሪውን ፍርድ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ወሬ በቂ ምክንያት አላየሁለትም፣ ይላል። በጆሮ ከሚታወቅ ነገር፣ ከድምፅ መጥፋት፣ የተነሣው አነጋገር ማንም ሊያየው ወደማይችለው ወደ ተናጋሪው ልብ ተሻግሯል።

ይህን መሻገር ብዙ ሰው ብልሽት ይለዋል። በሬዲዮ የቋንቋ ዝግጅት ላይ፣ በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ፣ በጋዜጣ አርታኢ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰማው ክስ ያው አንድ ነው። ቃሎቻችን ድሮ ጥብቅ ትርጉም ነበራቸው፤ በአፍ ብዛት ላሉ፤ ዛሬ ሁሉም የመሰለውን ይልባቸዋል። ማስረጃውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ ወጣቱ በየዐረፍተ ነገሩ «በቃ» ይላል፤ ማንም ሳይጠይቀው «ማለት ነው» ይጨምራል፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በ«መሰለኝ» ይዘጋል። መድኃኒቱ አብሮ ይታዘዛል። ወደ ግዕዙ ሥር ተመለሱ፣ የቃሉ እውነተኛ ፍች እዚያ ነው።

ክሱን የሚያነሡት ቋንቋቸውን የሚወዱ ሰዎች ስለሆኑ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከሥሩ የተሳሳተ ክስ ነው። እነዚህ ቃላት አልላሉም። ከነገሩ ወደ ተናጋሪው ተዛወሩ፤ በተዛወሩበት ቦታም ከቀድሞው ያላነሰ፣ አንዳንዴም የባሰ ጥብቅ ሕግ ይገዛቸዋል። የምንኮራበት የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ትልቁ ክፍል የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። መንገዱን ብልሽት ብሎ የሚዘጋ ሰው ክሱን የሚያቀርብበት ሰዋስው አይተርፈውም።

ማንም ከማይነካው ቃል፣ ከ«ነበር» ልጀምር። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። «መንበር» ከዚያ ወጣ፤ በየቤታችን ያለው «ወንበር»ም የዚያው ዘር ነው። «ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር» የሚል ሰው ሳያውቀው አንዱን ሥር ሁለት ጊዜ ጠርቶታል። በአማርኛ ቃሉ መቀመጡን ትቶ ያለፈ ጊዜ ምልክት ሆነ፤ «እዚህ ቤት ነበር»፣ «ሄጄ ነበር» እንላለን። እስከዚህ ድረስ ከሳሾቹም ቅር አይላቸውም፤ ያለፈ ጊዜ ቢያንስ በቀን መቁጠሪያ ይለካል። «ነበር» ግን እዚያ አልቆመም። «ቢጠሩኝ እመጣ ነበር» ስል ያለፈ ነገር እየተረክሁ አይደለም። አልተጠራሁም፤ አልመጣሁም። ያልሆነውን በሐሳቤ ሠርቼ ማሳየቴ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ስልስ? ፍላጎቱ መች አለፈ? ልጠይቅ ከፊታቸው ቆሜያለሁ። «ነበር» ጥያቄዬን ትንሽ ወደ ኋላ ይስብልኛል፣ እንቢ ማለት ቢያሻቸው እንዳይጨንቃቸው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን «ስምዎ ማን ነበር?» ነው። የሰውየው ስም ትናንትም ዛሬም ያው ነው፤ አላለፈም፣ አልተለወጠም። ያለፈው የእኔ ማስታወስ ነው። ነግረውኝ ነበር፣ ጠፋብኝ፣ አይቀየሙኝ፤ ይህ ሁሉ በአንዲት «ነበር» ተጠቅልሏል። አንዳንዴም ስሙን ጨርሶ ሰምተነው የማናውቀውን ሰው እንዲህ እንጠይቃለን፤ አለማወቃችንን እንደ መርሳት አድርገን ጥፋቱን ወደ ራሳችን እንወስዳለን። ከመቀመጫ ተነሥቶ ይሉኝታ ድረስ የተጓዘ ቃል ነው። በየትኛው ማዞሪያ ላይ ተበላሸ እንበል? «ሄጄ ነበር» ትክክል ሆኖ «ስምዎ ማን ነበር» ስህተት የሚሆንበት ምክንያት ካለ ቢነገረኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞም ይህ የአማርኛ ብቻ አመል አይደለም። «ቃል ሲያገለግል ይደክማል» የሚለው አስተሳሰብ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድም ትልቅ ወንበር ይዞ ኖሯል። ፈረንሳዊው አንትዋን ሜዬ እ.ኤ.አ. በ1912 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፉ ሙሉ ቃል የሰዋስው መሣሪያ ሲሆን ድምፁም ትርጉሙም እንደሚዳከም አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቃል ታጥቦ ታጥቦ እንደሚነጣ ጨርቅ ተቆጠረ። ሜዬ ያየው ግማሹን ነው። ስለ ድምፁ ልክ ነው፤ በ«ይሄዳል» መጨረሻ ላይ ያለችው «ል» የ«አለ» ትራፊ ናት፣ ከሙሉ ግሥ የቀረች አንዲት ፊደል። ትርጉሙ ግን የት ሄደ የሚለውን ጥያቄ አልጨረሰውም። ከእሱ ቀድሞ የአገሩ ሰው ሚሼል ብሬያል እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በቋንቋ ውስጥ ተናጋሪው ራሱን ስለሚያስገባበት ክፍል አንድ ምዕራፍ ሰጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰሚ ግን ለረጅም ጊዜ አላገኘም።

ነገሩን ወደ ዋናው መድረክ ያወጡት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ኤልዛቤት ክሎስ ትራውጎት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተከታታይ ባወጧቸው ጽሑፎች የእንግሊዝኛን የብዙ መቶ ዓመታት ጽሑፍ አገላብጠው አቅጣጫውን አሳዩ። በዓይን ከሚታይ፣ በእጅ ከሚዳሰስ ነገር የተነሣ ትርጉም ወደ ስሜትና ወደ ግምት ይሄዳል፤ ከዚያ ንግግሩን እርስ በርሱ ወደ ማያያዝ፣ በመጨረሻም ተናጋሪው ስለሚናገረው ነገር ያለውን እምነትና አቋም ወደ መግለጥ። ወደ ኋላ የሚመለስ ብዙም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከሪቻርድ ዳሸር ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ እስከ ጃፓንኛ የአክብሮት ቃላት ድረስ ሄደዋል። ይህ ዝንባሌ ነው እንጂ የማይሻር ሕግ አይደለም፤ ትራውጎትም ሕግ ነው አላሉም። ቢሆንም ከዝምድና ውጭ በሆኑ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ጉዞ ከታየ፣ ጉዞውን በአዲስ አበባ ወጣቶች ስንፍና ማመካኘት ቢቀርብን ይሻላል።

ወደ አገራችን ልመለስ፣ ወደ ክረምቱ። አንድ መንደር ላይ አንድ ዝናብ ዘነበ። ዘሩን ዘርቶ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ የሰነበተው ገበሬ «ዘነበልኝ» ይላል። በርበሬዋን ሰሌን ላይ አስጥታ ወደ ጎረቤት ብቅ ያለችው ሴት «ዘነበብኝ» ትላለች። ደመናው ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ውሃው ያው። ልዩነቱን የተሸከሙት «ለ» እና «በ» ናቸው። «በ» ጥንቱን የቦታና የመሣሪያ ቃል ናት፤ በቤት፣ በቢላ፣ በእግር። ቦታነቷ ዛሬም አልጠፋም። «ሻይ ፈሰሰብኝ» ሲባል ሸሚዜ ላይ ፈስሶ ከሆነ ቦታ ነው። ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ቢሰበርም ግን «ሻዬ ፈሰሰብኝ» እላለሁ፤ በእኔ ላይ አንድ ጠብታ እንኳ አላረፈም። ያረፈብኝ ጉዳቱ ነው። «ልጄ ታመመብኝ» ስትል እናት ደግሞ ቦታ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም፤ ሕመሙ በልጁ አካል ውስጥ ነው፣ «ብኝ» የእናቲቱ ጭንቀት ነው። ከቦታ ወደ ጉዳት፣ ከጉዳት ወደ ስሜት። ይህን የሚያርም መምህር አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም የሰዋስው መጻሕፍት ያስተምሩታል። ታዲያ ያው ጉዞ በ«በቃ» ሲደገም ምን ተገኘ?

«በቃ» መጀመሪያ የልክ ቃል ነው። ሁለት ሜትር ለቀሚስ ይበቃል፣ አንድ እንጀራ ለቁርስ ይበቃል። «የበቃ መነኩሴ» ስንል ግን ሜትሩንም ኪሎውንም ትተነዋል፤ ቅድስናን የሚመዝን ሚዛን ስለሌለ ቃሉ የተናጋሪው አድናቆት ሆኗል። ከዚያ «በቃ!» መጣ፣ ልጅ የሚገሠጽበት፣ ጠብ የሚገላገልበት። ከዚያም «በቃ እሱ እንዲህ ነው»፤ ተጨማሪ ማብራሪያ አትጠብቁብኝ፣ እኔ በኩል ነገሩ ተዘግቷል ማለት ነው። የመጨረሻውን የሚያወግዘው ሰው «የበቁ አባት» ሲባል በአክብሮት ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ እዚያ ላይ ግን ቃሉ ከኪሎና ከሜትር ከወጣ ቆይቷል። የተጓዘበት መንገድ አንድ ነው፤ የሚለየው የተጓዦቹ ዕድሜና ልብስ ነው። እኔ የምጠረጥረው እዚህ ላይ ነው። ብዙው የቋንቋ ተቆርቋሪነት የሚቆረቆረው ለቃሉ ብሎ ሳይሆን፣ ቃሉን በማን አፍ እንደሰማው አይቶ ነው።

ቃል እንዴት ወደ ተናጋሪው እንደሚገባ ደግሞ «ሳይመጣ አይቀርም» ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። «ቀረ» ማለት ወደ ኋላ አለ፣ አልመጣም ማለት ነው፤ መንጋው ገብቶ አንዲት በግ ሜዳ ላይ ቀረች። «ሞት አይቀርም» ስንል እርግጡን እንናገራለን። በሒሳብ ቤት ቢሄዱ «ሳይመጣ አይቀርም» ሁለት አሉታ ስላለው ተጣፍቶ «በእርግጥ ይመጣል» መሆን ነበረበት። እኛ ግን ግምት አደረግነው። ምናልባት መጥቶ ይሆናል፣ መምጣቱ አይቀርም ብዬ አስባለሁ፣ ግን አላየሁም። ለምን? በዓይኑ ያየ ሰው «መጥቷል» ብሎ ይገላገላል። ዙሪያውን ዞሮ «ሳይመጣ አይቀርም» ያለን ሰው አጭሩን መንገድ ለምን ተወው ብሎ አድማጭ ይጠይቃል፤ መልሱም ያው ነው፣ ቢያውቅ ኖሮ ይለው ነበር። ይህ የአድማጭ ግምት ሺህ ጊዜ ሲደጋገም የቃሉ ትርጉም ሆኖ ያርፋል። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ አልወሰነውም፣ ማንም ከስንፍና አላመጣውም። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ለመግባባት በሚያደርጉት ጥንቃቄ የተሠራ ነው። ተቆርቋሪው «መላላት» የሚለውን ነገር የወለደው ይህ ጥንቃቄ ነው።

የክሱ ጠንካራ ጎን የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ላልፈውም አይገባኝም። ትርጉሙ የተናጋሪው ልብ ከሆነ፣ ይላሉ፣ ልብ ደግሞ እንደየሰው ነው፤ እንግዲያው ቃሉ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ትርጉም ይኖረዋል፣ መግባባትም ይቀራል። መከራከሪያው አንድ ነገር ያደባልቃል። ስለ ተናጋሪው የሚናገር ቃልና እያንዳንዱ ተናጋሪ እንደፈቀደው የሚተረጉመው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «አመመኝ» የሚለው ስለ እኔ ነው፤ ትርጉሙ ግን የሁላችንም ነው።

የተናቀውን «መሰለኝ» ቀረብ ብለን እንየው። «ልጁ አባቱን ይመስላል» ሲባል መልክ ነው፤ ሁለቱን አቁሞ ማስተያየት ይቻላል። አሁን መንገድ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አየሁ እንበል። «ወንድሜ መሰለኝ» ብል ወንድሜ አይደለም፤ ተሳስቼ ነበር፣ ቀረብ ሲል ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። «ወንድሜ ነው መሰለኝ» ብል ግን ወንድሜ መሆኑን እገምታለሁ፤ ገና አልደረሰም፣ አልተረጋገጠም። በሁለቱ መካከል ያለችው አንዲት «ነው» ብቻ ናት። ያቺ ቃል ከሌለች ስህተቴን እተርካለሁ፣ ካለች ግምቴን እናገራለሁ። «ያመለጠ መሰለው» ስንልም አላመለጠም፤ የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው አያምታታውም። ላላ የተባለው ቃል እንዲህ ያለ ቀጭን ድንበር ከጠበቀ፣ ጠበቀ የሚባለው ቃል ምን ሊሠራ ነው?

ፍርድ ቤትም ቢሆን በዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ምስክር «ሲወጣ ያየሁ ይመስለኛል» ቢል ዳኛው «አየህ ወይስ መሰለህ?» ብሎ ይይዘዋል። ጥያቄው የሚቻለው ቋንቋው ማየትንና መምሰልን የሚለይ ቃል ስላበጀ ነው። ምስክሩ በ«መሰለኝ» አልሸሸም፤ የት እንደቆመ ራሱ ተናግሯል።

ሽሽት ካነሣን አይቀር፣ እውነተኛው ሽሽት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ተቆርቋሪዎቻችንም እዚያ ላይ ቀይ እስክሪብቷቸውን ሲያነሡ አላይም። «ተገልጿል»፣ «ተጠቁሟል»፣ «መልካም አፈጻጸም መታየቱ ታውቋል»። ማን ገለጠ? ማን ጠቆመ? ለማን ታወቀ? የሪፖርትና የዜና አማርኛችን ተናጋሪውን ከዐረፍተ ነገሩ አውጥቶ ግሡን ብቻውን ያቆመዋል፤ ይህንንም ጨዋ፣ ሚዛናዊ፣ ከግል ስሜት የጸዳ ቋንቋ ነው ብለን ተማርነው። «እንደሚታወቀው» የሚለውን ውሰዱ። አገባቡ ከማንም ወገን ያልሆነ ይመስላል፤ ሥራው ግን አድማጩ እንዳይከራከር አስቀድሞ አፉን መያዝ ነው። «እኔ እንደሚመስለኝ» ብሎ የጀመረ ሰው ቢያንስ አለሁ ብሏል፤ ልትሞግተው ትችላለህ፣ ከየት አመጣኸው ልትለው ትችላለህ። «እንደሚታወቀው» ያለውን የት ታገኘዋለህ? እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያስገባ አርታኢ የወጣት ጸሐፊን «ይመስለኛል» ሲሰርዝ በዓይኔ አይቻለሁ። ቃሉ ከተሰረዘ በኋላ ግምቱ እንደ ሐቅ ሆኖ ታተመ። ከሁለቱ አንባቢውን የበለጠ ያከበረው የትኛው ነበር?

የግዕዙን ሥር እንደ ፍርድ ቤት የሚጠሩትም ቢሆኑ ምስክራቸውን በሚገባ አልሰሙትም። መጻሕፍት የሚተረጎሙበትን የአንድምታ ትምህርት ያየ ሰው መምህራኑ በቃሉ ሥር ብቻ እንደማይቆሙ ያውቃል። ንባቡን ያነባሉ፣ ይፈታሉ፣ ከዚያ በአማርኛ «እንዲህ ሲል ነው» ይላሉ፤ ተናጋሪው ምን አስቦ፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደተናገረ ይፈልጋሉ። «አንድም» ብለው ሌላ መንገድ ይከፍታሉ። «ማለት ነው» ብለው ይዘጋሉ። ወጣቱ በካፌ ውስጥ የሚለው «ማለት ነው» ከየት መጣ ብሎ የሚያዝን ሰው ወደ ጉባኤ ቤቱ ጎራ ቢል መልካም ነው። በአንድ እስትንፋስ አምስት ጊዜ ሲደጋገም ይሰለቻል፤ እኔም ይሰለቸኛል። ግን አምስት ጊዜ «እግዚአብሔር» የሚልም፣ አምስት ጊዜ «ሕዝባችን» የሚልም ይሰለቻል፤ ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው፣ የትርጉም አይደለም።

የመዝገበ ቃላት ሰዎቻችን ሥሩን አጥብቀው በመያዛቸው ሊወቀሱ አይገባም። ክፍሌ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ይዘው ዕድሜያቸውን ጨረሱበት፤ ካረፉም በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. የግዕዙን መዝገብ ለኅትመት አበቁት። የራሳቸውን ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ያ ሥራ ባይኖር «ነበር» እና «ወንበር» ዘመዳማቾች መሆናቸውን እንኳ ለማሳየት በተቸገርን። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የዘር ሐረጉን የነገረንን መጽሐፍ የዛሬን ንግግር እንዲቀጣልን ጠራነው። ሥር ቃሉ ከየት እንደመጣ ይነግረናል፤ ዛሬ የት እንደሚኖር ለማወቅ ተናጋሪውን መስማት ያስፈልጋል።

ጉዳቱን የሚከፍሉትም አሉ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተወልዶ አማርኛን ከወላጆቹ ጆሮውን አሹሎ የሚማር ልጅ አክስቱ «ዝም ብለህ ብላ» ስትለው «ዝም» የሚለውን ሥሩን ብቻ በሚሰጥ መዝገበ ቃላት ቢፈልግ የሚያገኘው ጸጥታ ነው። አፉን ዘግቶ እንዲበላ የታዘዘ ይመስለዋል። አክስቱ ግን አታመንታ፣ ይሉኝታ አይያዝህ ነው ያለችው። መጽሐፉ የዘለለው የቋንቋውን ትርፍ አይደለም፤ አክስቱ ለእሱ ያላትን ነገር ነው።

የሚቀጥለው የአማርኛ መዝገበ ቃላት «ዝም ብሎ»ን ከ«ዝም» ሥር ሸጉጦ አይለፈው፤ የራሱን መግቢያ ይስጠው። ለ«በቃ»፣ ለ«መሰለኝ»፣ ለ«ሳይሆን አይቀርም»፣ ለ«ማለት ነው»ም እንዲሁ። በየመግቢያውም ቃሉን ማን ለማን እንደሚለው፣ በዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚቀመጥ፣ «ነው» ሲቀድመውና ሳይቀድመው ምን እንደሚለወጥ በምሳሌ ይጻፍ። አዘጋጁ የኪዳነ ወልድን መዝገብ ከአጠገቡ አይለየው፤ መቅረጸ ድምፅም ይያዝና ወደ ገበያው፣ ወደ ታክሲው፣ ወደ ለቅሶ ቤቱ ይውጣ።